የወፍ አቤት

አራተኛውን ደብተር እየለበድኩ ነበር። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ደብተሩን መሐሉ ላይ አስተኝቼ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቴ ጥፍር እየተጫንኩ አጥፋለሁ። ማጣበቂያዬ የስንዴ ዱቄት ነው፤ በትንሽ ውሃ አፍልቼ እጀታዋ በተሰበረ ስኒ አቀዘቅዘዋለሁ። ሌላው ሰው በፕላስተር ይለብዳል። ፕላስተር ግን የቆቦ ሙቀት ሲነካው ኅዳር ሳይገባ ይላቀቃል፤ የዱቄት ማጣበቂያ እስከ ሰኔ ይዘልቃል። የሰፈሩ ልጆች ደብተር በየመስከረሙ እኔ ዘንድ የሚከመረው ለዚህ ነው። ብዙ የማያስወራ ሥራ ስለሆነ እወደዋለሁ።

ዓሊማ ከፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ፣ የሚያማትን ጉልበቷን ዘርግታ ተቀምጣለች። ደብተሮቹ የልጅ ልጇ የራዊያ ናቸው። የራዊያ እናት ጅዳ ናት፤ ልጅቱን የምታሳድጋት ዓሊማ ነች፤ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ልታስገባት ነው። ስለ ዝናቡ አወራችኝ። ጎብዬ ስለተደረገ ሰርግም አወራችኝ፤ የሙሽራዋን አክስት አካሄድ እንደተቀመጠች በትከሻዋ እያስመሰለች አሳቀችኝ። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር አምስተኛ ደብተር አውጥታ ክምሩ ላይ ጣል አደረገችው።

«ይቺንም ጨምሪልኝ» አለች።

የማን እንደሆነች ጠየቅኳት።

«የኔ ናታ።»

ራዊያን ልታስመዘግብ የሄደች ዕለት ነው የሰማችው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከሥራ ሰዓት በኋላ ለጎልማሶች ትምህርት ሊከፈት ነው። ምዝገባው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ። ፎቶውን ተነሥታ መጥታለች። ትምህርቱ ሲጀመር በባጃጅ ትመላለሳለች፤ ለምዝገባ ብላ ግን ያንን ደረጃ ሁለተኛ እንድትወጣ ጉልበቷ አይፈቅድላትም። ሄጄ ስሟን እንድሰጥላት ፈለገች።

«ወንበሬ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ባዶ ነው፤ አቧራውን አራግፌ እቀመጥበታለሁ» ብላ ሳቀች። ቀጥላም፣ ለቀልድ ያህል፣ «እንደ ድሮው አንቺ አቤት በይልኝ» አለችኝ።

ጋዜጣው እጄ ላይ ተቀደደ።

«አብሽሪ፣ ቀስ በይ። ጋዜጣ ሞልቷል» አለች።

ይህን የምጽፈው ስለዚያች «አቤት» ነው። ዕድሜዬ ስልሳ አራት ሆነ። ለሟቹ ባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም።

እኔና ዓሊማ ያደግነው ቆቦ ዳር፣ ከተማው አልቆ ማሽላው ከሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። በፊት ለፊት በኩል ወደ ሮቢትም ወደ ዋጃም የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚያልፉበት አስፋልት አለ። በጓሮ በኩል አጥሩን ሲያልፉ እርሻ ነው። የመሐል ከተማ ልጆች «የገጠር ልጆች» ይሉናል፤ የገጠሮቹ ደግሞ «ከተሜ» ይሉናል። አባቴ ታረቀኝ አስፋልቱ ዳር በረንዳ ላይ በሲንጀር ልብስ ይሰፋ ነበር። የዓሊማ አባት፣ አባባ ከማሉዲን፣ ገበሬ ነበሩ። ሁለት በሬና ከቤታቸው ጀርባ የሚጀምር ረጅም የማሽላ እርሻ ነበራቸው። በሁለታችን ግቢ መካከል ቁልቋል ተተክሏል። ከሥሩ እኔና ዓሊማ የሠራናት ቀዳዳ ነበረች፤ የቁልቋሉ ወተት ዓይናችንን እንዳያቃጥለን ጨፍነን ነበር የምንሾልከው። ዛሬም አንዳንድ ጊዜ ጠባብ በር ስገባ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነበር። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ደጋው ላይ ከዘነበ ግን የእኛ ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ድንገት ቀይ ጎርፍ ይዞ ይመጣል፤ ግንድም፣ የሰው ጎጆ ክዳንም አብሮ ይመጣል። ያኔ ልጆች ሁሉ ዳር ላይ ተቀምጠን እስኪጎድል እንጠብቃለን። ዓሊማ ያን ጊዜ የመምህራችንን ሳል እያስመሰለች ታስቀን ነበር። መምህር ይሁኔ ሲያስሉ መጀመሪያ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ከዚያ ያስላሉ፣ ከዚያ መሐረብ ይፈልጋሉ። እሷ መነጽሩንም መሐረቡንም በባዶ እጇ ታሳየን ነበር።

እኔ የሷ ተቃራኒ ነበርኩ። መልስ ስጠየቅ ብድግ እላለሁ፤ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል፤ ዓይኔ እንባ ይሞላል። ልጆቹ በስሜ እየቀለዱ «አስረሳሽ፣ አፍሽን ማን አስረሳሽ?» ይሉኝ ነበር። ዓሊማ አንድ ቀን እንዲህ ያለኝን ልጅ እጁን ነክሳዋለች።

በእኛ ቆላ ጥቅምትና ኅዳር የወፍ ወራት ናቸው። ማሽላው ፍሬ ሲቋጥር ግሪሳ እንደ ደመና ሆኖ ይመጣል። ግሪሳ ያረፈበት እርሻ ከጠዋት እስከ ረፋድ ባዶ አገዳ ይሆናል። ስለዚህ በየእርሻው መሐል ከእንጨት ማማ ይሠራል። አንድ ልጅ ሰማዩ ሳይቀላ ወጥቶ፣ ፀሐይ እስክትገባ በወንጭፍ የጭቃ ድንቡል እየወረወረ፣ ጅራፍ እያጮኸ ይውላል። አምስት ሳምንት፣ ስድስት ሳምንት። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ሕግ ነበረው፤ አሥር ቀን በተከታታይ የቀረ ተማሪ ስሙ በቀይ ቀለም ይሰረዛል። መምህር ይሁኔ ደገኛ ነበሩ። በእሳቸው አገር ገብስ ከዝንጀሮ ይጠበቃል እንጂ ከወፍ አይጠበቅም።

የዳር ልጆች ለዚህ የራሳችን ዘዴ ነበረን። «የወፍ አቤት» ነበር የምንለው። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ያወረሱን ነው። መምህሩ ስም ሲጠሩ፣ ማማ ላይ ላለው ልጅ «አቤት» የሚለው አብሮት አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ነው። ሌላ ሰው አይመልስም። ሁለት ሰው ከመለሰ ነገሩ ይጋለጣልና ይህቺ ሕግ ጥብቅ ነበረች። የወንበር ጓደኛህ አቤት ካለልህ አለህ፤ ካላለልህ የለህም። በክፍላችን ስልሳ ሁለት ነበርን። መምህር ይሁኔ ሲጠሩ መነጽራቸውን ከመዝገቡ አያነሡም።

አራተኛ ክፍል በገባን ዓመት የዓሊማ ታላቅ ወንድም ጥጥ ለቀማ ወደ አፋር በረሃ ወረደ። ማማው ለሷ ደረሰ። የወንበር ጓደኛዋ እኔ ነበርኩ።

አንድ ማታ በቁልቋሉ ቀዳዳ ሾልካ መጥታ አቤት እንድልላት ነገረችኝ። እንደማልችል ነገርኳት። እሷ ግን ያን ዕለት ማታ በአጥሩ ሥር አስቀምጣ አለማመደችኝ። የመምህሩን ሳል አስላ፣ «ዓሊማ ከማሉዲን» ትላለች፤ እኔ «አቤት» እላለሁ። ከሃያ ጊዜ በኋላ ድምፄ ወጣ።

በመዝገቡ ላይ በእኔ ስምና በሷ ስም መካከል አሥራ አንድ ስም አለ። የመጨረሻው ዋሲሁን ነው፤ ከኋላችን የሚቀመጥ፣ አባቱ ሻይ ቤት የነበራቸው የከተማ ልጅ። የመጀመሪያው ቀን ከራሴ ስም በኋላ አሥራ አንዱንም በጣቴ ቆጠርኩ። ዋሲሁን «አቤት» አለ። የዓሊማ ስም ተጠራ። «አቤት» አልኩ። ማንም አልሳቀም። መምህር ይሁኔ ምልክት አድርገው አለፉ። ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው።

አሥራ ስድስት ቀን እንዲሁ አልኩላት። ለራሴ ስም የምመልሰው በሹክሹክታ ነበር፤ ለሷ ስም ግን ጮክ እል ነበር። በክፍል ውስጥ ሰው የሚሰማው ድምፄ ያ ብቻ ነበር፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም የወደድኩት።

ማታ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በቀዳዳው ትመጣለች። ክንዷ በማሽላ ቅጠል ተጫጭሯል፤ ከጩኸት ብዛት ድምጿ ይሰነጠቃል። ሁልጊዜ ጥንቅሽ ታመጣልኝ ነበር፤ ከእርሻቸው ዳር ከሚበቅለው፣ ከሁሉ የሚጣፍጠውን አገዳ መርጣ፣ ልጣጩ ከንፈሬን እንዳይቆርጠኝ በጥርሷ ልጣ። እኔ ጥንቅሼን ሳኝክ እሷ ደብተሬን ትገለብጣለች። «አልሽልኝ?» ትለኛለች። ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። በቃ፤ ይህ ነበር የየዕለቱ ነገራችን።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ማታ ትልልቅ ቁጥር ማካፈል ተምረን ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳው ፊት ተቀምጬ አልገባኝም። ከሰሌዳው የገለበጥኩትን ብቻ ይዤ መጣሁ። ዓሊማ ደብተሬን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጥቂት አየችው፣ በጣቷ አሸዋ ላይ ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። ከዚያ «ነይ ላሳይሽ» ብላ አሳየችኝ። ገባኝ። አባቴ ቀሚስ እየዘመዘመ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያየን ነበር። ሳቀና፣ «ወፍ ስትጠብቅ የዋለችው ክፍል ውስጥ ለዋለችው ታስተምራለች። እንግዲህ ነገ አንቺ ማማው ላይ ብትወጪ ሳይሻል አይቀርም» አለኝ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ቀልዱ ነበር። ዓሊማም ሳቀች። ግን ሦስተኛ ክፍል ሳለን አንደኛ ከወጣሁ ማሰሪያ ያለው ጥቁር ጫማ ሊገዛልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። አንደኛ የወጣችው ዓሊማ ነበረች። እኔ ሁለተኛ ወጣሁና ጫማው ለአራተኛ ክፍል ተላለፈ። ያን ማታ በአልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ማማ ላይ እየዋለችም እንደምትበልጠኝ ገባኝ። የምትበልጠኝም በእኔው ደብተርና በእኔው «አቤት» ነበር።

በማግሥቱ ስም ተጠራ። ለራሴ መለስኩ። አሥራ አንዱን ቆጠርኩ። ዋሲሁን «አቤት» አለ።

«ዓሊማ ከማሉዲን።»

ዝም አልኩ።

ዋሲሁን ከኋላ በጉልበቱ ወንበሬን ገፋ አደረገው። «በያ» ሲል ሰማሁት። መምህር ይሁኔ ስሟን ደገሙት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፤ የሚያስሉ መስሎኝ ነበር፣ ግን አላሳሉም። እኔን እያዩ ሦስተኛ ጊዜ ጠሩ፣ ቀስ ብለው። ዛሬ ሳስበው ያውቁ ነበር እላለሁ። የወፍ አቤቱን ያውቁ ነበር፣ ሦስት ጊዜም ዕድል ሰጥተውኝ ነበር። አንገቴን ደፋሁ። እርሳሳቸው መዝገቡ ላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ።

በዕረፍት ሰዓት ዋሲሁን ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ጉሮሮዬን በእጄ አሳየሁት። አመመኝ ማለቴ ነበር። «እሺ፣ ነገ በይላት» አለኝ። በማግሥቱም ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጓደኞቼ መጠየቅ ተዉ፤ አስረሳሽ ድሮም አፍ የላትም፣ አሥራ ስድስት ቀን መቻሏም ድንቅ ነው አሉ። እሷን ፈልጎ የሚነግራት አልነበረም፤ የዳር ልጆች ሁሉ በየማማቸው ላይ ነበሩ፣ የከተማዎቹ ደግሞ ወደ እርሻ አይወርዱም። ሊነግራት የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በየማታው አገኛታለሁ።

በየማታው በቀዳዳው መጣች። በየማታው ጥንቅሽ አመጣችልኝ። «አልሽልኝ?» አለችኝ። በየማታው ራሴን ነቀነቅሁ። በአፌ አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ጥንቅሹንም እበላ ነበር። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እበላ ነበር።

አሥረኛው ቀን ላይ መምህር ይሁኔ ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አወጡ።

ማሽላው ታጭዶ ሲያልቅ ዓሊማ ተመለሰች። ፀጉሯ በአዲስ ቅቤ ተሠርቶ፣ ቀሚሷ ታጥቦ፣ ክንዷ ላይ ያለው ጭረት ገና ሳይሽር። አጠገቤ ተቀመጠችና በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። ስም ተጠራ። ዋሲሁን «አቤት» አለ። ከዋሲሁን ቀጥሎ የሌላ ልጅ ስም ተጠራ። እሷ ለመመለስ አፏን ከፍታ ነበር፤ እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ እጇን አወጣች። መምህሩ ስሟ እንደተሰረዘ፣ አባቷን ይዛ እንድትመጣ በለሆሳስ ነገሯት። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ስትወጣ ወደ እኔ አልዞረችም፤ ተቆጥታ መሰለኝ።

አባባ ከማሉዲን ለመምጣት እንቢ አሉ። ትምህርት ቤቱ ከጠላት አላህ ሌላ በር አለው አሉ። ዋጃ ያሉ ሰዎች ከሐምሌ ጀምሮ ሽማግሌ ልከው ነበርና፣ እስከዚያ «ትማር» እያሉ ያዘገዩትን ነገር ተቀበሉ። በጥር ሰርግ ተደገሰ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ከሰርጉ በፊት በነበረው ሳምንት ለመጨረሻ ጊዜ በቁልቋሉ ቀዳዳ ሾለከች። ለካስ አልተቆጣችም። እኔ ሳያት ማልቀስ ጀመርኩ፤ ያለቀስኩበትን ምክንያት እሷ በራሷ መንገድ ተረጎመችው። አጠገቤ ቁጢጥ ብላ እንባዬን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«አብሽሪ፣ አስሩ። ሰው ፊት መናገር እንደማይሆንልሽ እያወቅኩ የጫንኩብሽ እኔ ነኝ። አንቺ ፈርተሽ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

በዚያ መንፈቅ አንደኛ ወጣሁ። አባቴ ቃሉን ጠበቀ። በዓሊማ ሰርግ ላይ አዲስ ጥቁር ጫማ አድርጌ ነበር። ሙሽራዋ ከመሸፈኛዋ ሥር ጎንበስ ብላ አየችውና «ያምራል» አለችኝ። በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ቀረ። ማሽላው አልበቀለም፣ ግሪሳም አልመጣም። የሚጠበቅ እርሻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያችን ሲጻፍ አጭር ነው። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨረስኩና ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በመስኮት የሰው ስም ጠራሁ። ዓሊማ ዋጃ ሰባት ወለደች፣ አራቱ አደጉ። ባሏ ኡበይድ ሲሞት ወደ አባቷ ቤት፣ ከእኔ አጥር ማዶ ተመለሰች፤ ሽንኩርትና በርበሬ ነገደች፤ ልጆቿን በሙሉ አስተማረች። የመንደር ሴቶች ሲጣሉ የሚጠሩት እሷን ነው። በጦርነቱ ጊዜ እኔን ከነልጄ ቤቷ አስገብታ፣ ያላትን ዱቄት በእኩል ከፍላ አኑራናለች። ስለቀረባት ነገር የምታወራው አንድ ብቻ ነበር፤ ሁልጊዜ እየሳቀች ስለሚሆን ሰው እንደ ቀልድ ነው የሚሰማው። ድሬሰር መሆን ትፈልግ ነበር። ነጭ ጋውን ለብሳ መርፌ እያፈላች።

አንድ ቀን የልጇን ትኩሳት ልታሳይ መጥታ ካርዱ በሷ ስም ወጣ። በመስኮቱ አጎንብሼ ሳነበው የሷ መሆኑን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ዓሊማ ከማሉዲን።»

«አቤት!» አለች፣ አዳራሹ እስኪሰማ። «ይኸው፣ ዛሬስ ራሴው አለሁ።» ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ካርዱን መሬት ላይ ጣልኩት፤ ለማንሣት ጎንበስ ብዬ እዚያው ብዙ ቆየሁ። ከመስኮቱ ማዶ ለሰዎቹ ስትነግራቸው ይሰማኝ ነበር። ልጅ ሳለን አቤት እንድልላት አስጨንቃኝ፣ እኔ ከዓይን አፋርነቴ የተነሣ ቃል ሳይወጣኝ ቀርቶ፣ እሷ በዚያው ዋጃ ገባች። ስትጨርስም፣ «ምን ታድርግ፣ እንዲህ ሆና ተፈጠረች» አለች። ስሜን ለማዳን ነበር።

ሰው ሁሉ ዓይን አፋር ይለኛል። እውነት ነው፣ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ፈርቼ አልነበረም ዝም ያልኩት። ድምፄ ነበር። ጉሮሮዬ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ነኝ የዋጥኩት። ዓይን አፋርነቴን ከፊቴ እንደ መጋረጃ ዘርግቼ ከኋላው ቆምኩ፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ መጋረጃውን የያዘችልኝ ደግሞ ራሷ ዓሊማ ናት።

ባለፈው ሰኞ ረፋዱ ላይ ፎቶዎቹን በፖስታ ይዤ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ ፎቅ ሆኗል። እኛ የተማርንበት የድንጋይና የጭቃ ክፍል ግን ጥግ ላይ አለ፤ የተሰባበሩ ወንበሮች ተቆልለውበታል። መዝጋቢዋ ፈሪሀ የምትባል ወጣት መምህርት ናት። «እማማ፣ አረፍ በሉ» ብላ ወንበር ሰጠችኝ። የዓሊማን ስም ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ዕድሜዋን ነገርኳት። ከዚህ በፊት ስንት ክፍል ደርሳለች አለች፤ አራተኛ አልኩ። ይህን ሁሉ ሳልንተባተብ ነበር የተናገርኩት።

«ያቋረጡበት ምክንያት?»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቀይ አልነበረም፣ ሰማያዊ ነበር።

«ጋብቻ ልበለው?» አለች። «ሁሉም እናቶች ጋብቻ ነው የሚያስሞሉት።»

ራሴን ነቅንቄ ብሆን በደቂቃ ያልቅ ነበር። ዓሊማ ተመዝግባ፣ እኔም ወደ ቤቴ። ግን እንዴት እንደሆነ አንገቴ እንቢ አለኝ። ያን ንቅነቃ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ። እውነቱን ልናገርም አፌን ከፈትኩ፤ ለዚያች ለማላውቃት ልጅ፣ ዓሊማ ሳትሰማው፣ መናገሩም ሌላ በደል መሰለኝ። መጀመሪያ መስማት ያለባት ዓሊማ ናት። «ጠይቄያት ልምጣ» ብዬ ፎቶዎቹን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቼ ወጣሁ። ፈሪሀ ቅጹን አልቀደደችውም፤ እስከ ዓርብ አስቀምጥልዎታለሁ አለችኝ።

በዚያው ዕለት ዓሊማ ጉልበቷን እየጎተተች ደጄ ድረስ መጣች። ራዊያ እጇን ይዛታለች። ልነግራት ከጠዋት ጀምሮ ቃል ስመርጥ ነበር የዋልኩት።

«አልሽልኝ?» አለችኝ።

ራሴ ተነቀነቀ። እኔ ሳላዘው ተነቀነቀ ብል ማን ያምነኛል።

ከዚያ ወዲህ አራት ቀን ሆነ። ማክሰኞ ደብተሯን ለብጄ፣ በላዩ ላይ ስሟን በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጽፌ ሰጠኋት። ረቡዕ ከራዊያ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊደል ሲጽፉ አየኋቸው፤ የልጅቱ ይበልጣል፣ የሷ ይበልጣል እያሉ ይከራከራሉ። ትናንት ትምህርቱ ለሚጀመርበት ለሰኞ የምትለብሰውን ቀሚስ አጥባ ሽቦ ላይ አስጥታ ነበር። ሰኞ በባጃጅ ሄዳ፣ ደረጃውን በስንት ጭንቅ ወጥታ፣ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስም ይጠራል። የሷ ስም አይኖርም። ይህን አውቃለሁ፤ ሁሉ ነገር እንዴት እንደሚሆን አንድ በአንድ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ አይቼዋለሁና።

ዛሬ ዓርብ ነው። ጠዋት ላይ ሁለቱን ነገር በአንድ ቀን ላደርግ ወስኜ ተነሣሁ፤ መጀመሪያ ዓሊማ ቤት፣ ከዚያ ፈሪሀ ዘንድ። ጫማዬን ጠርጌ ከበሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ከዚያ ለዓሊማ የምናገረው እንዳይጠፋብኝ በወረቀት ልያዘው ብዬ ተቀመጥኩ። ከተለበዱት የተረፈች ደብተር ነበረች፤ መጻፍ የጀመርኩት በሷ ላይ ነው። ስለ ቁልቋሉ ስጽፍ፣ ስለ መምህር ይሁኔ መነጽር ስጽፍ፣ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ከዚያ ዘጠኝ ሆነ። ከአጥሩ ማዶ ዓሊማ ራዊያን ስትጣራ ሁለት ጊዜ ሰማሁ። ከዚህ እስከ ደጃፏ አርባ እርምጃ አይሞላም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጊዜ ተነሥቼ ነበር። የቀኝ ጫማዬን አጠለቅኩ። ከዚያ የሰርጉን ዕለት ያደረግኩትን ጫማ ገና እንዳልጻፍኩት ትዝ አለኝና ተመልሼ ጻፍኩት።

አሁን ከትምህርት ቤቱ በኩል የአሥራ አንድ ሰዓቱ የመውጫ ደወል ተሰማ። ሁለቱ ጉርድ ፎቶዎች ከስኒዋ አጠገብ ናቸው፤ አንደኛዋ ጫፏ ላይ ማጣበቂያ ነክቷታል።